በነፃ ማገልገል ከተጠያቂነት ነፃ አያወጣም

«እኔ እኮ በነፃ ነው የማገለግለው።»

ይህችን አባባል ከባንክ ሥራ አስኪያጅ ሰምቻታለሁ፤ ከጡረተኛ መምህር፣ ከሐኪም፣ ከአስመጪና ላኪ፣ ከቄስና ከፓስተር አፍም ሰምቻታለሁ። ሁሉም የአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ወይም የሕፃናት ድጋፍ ድርጅት የቦርድ አባላት ናቸው። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ ጎረቤቴ ቢሆኑ ደስ ይለኛል። አባባሏ ግን የምትመዘዘው ሁልጊዜ ጥያቄ ሲነሣ ነው። ልጆቹ ለምን ይኮበልላሉ? ኦዲተሩ የጻፈው ማሳሰቢያ ለምን መልስ አጣ? ሥራ አስኪያጁ የሚስቱን እህት ገንዘብ ያዥ አድርጎ ሲቀጥር የት ነበራችሁ? መልሱ ያው ነው፤ «እኔ እኮ በነፃ ነው የማገለግለው።»

እንግዲያው በግልጽ እንነጋገር። በመጀመሪያ ነገር፣ በነፃ አይደለም። ደመወዝ እንደማትወስዱ አውቃለሁ፤ ክፍያው የሚመጣው በሌላ በር ነው። በየመድረኩ «የተከበሩ የቦርድ ሰብሳቢ» ተብላችሁ ከፊት ወንበር ትቀመጣላችሁ። በሥራ ታሪካችሁ ላይ አንድ የምታምር መስመር ትጨመራለች። የኤምባሲ ግብዣ ይደርሳችኋል። ለቅሶ ቤት ሳይቀር «ለወላጅ አልባ ልጆች የሚለፉ ሰው ናቸው» ይባልላችኋል። ይህ ሁሉ ክብር የተገኘው በልጆቹ ስም ነው። ክብሩን የወሰደ ሰው ዕዳውንም መውሰድ አለበት።

ሁለተኛ ነገር፣ በነፃስ ቢሆን? የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ቦርድ መር የሆነን ድርጅት ከፍተኛ ሥልጣን ለቦርዱ ሲሰጥ «ደመወዝ ከተከፈለው ብቻ» አላለም። ሥራ አስኪያጁን የሚሾመው ቦርዱ ነው። ዓመታዊው የሥራና የኦዲት ሪፖርት በቦርዱ እጅ ያልፋል። የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ የተጣለውን ገደብ በቅድሚያ መጠበቅ ያለበት ቦርዱ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 36 የመንግሥትም ሆኑ የግል የበጎ አድራጎት ተቋማት ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወስዱ የሕፃናቱን ደኅንነት በቀደምትነት እንዲያስቡ ያዛል። ስብሰባ የቀረ የቦርድ አባል ከማኅበራዊ ግዴታ አልቀረም፤ ከሕጋዊ ግዴታው ነው የቀረው።

ይህን የምለው ከዳር ቆሜ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በሕፃናት ማሳደጊያዎች በሶሻል ወርከርነት ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ በአንደኛው ደግሞ የቦርዱን ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርሁ። ስለዚህ ቦርድ ምን እንደሚመስል ከውስጥ አውቀዋለሁ።

መተዳደሪያ ደንቡ በየሦስት ወሩ ስብሰባ ይኑር ይላል። በተግባር ቦርዱ የሚጠራው ለጋሹ ሰነድ ሲጠይቅ ነው። ቃለ ጉባኤው አንዳንዴ ከስብሰባው ቀድሞ ይዘጋጃል፤ «ቦርዱ በጉዳዩ ላይ በሰፊው ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ አጽድቆታል» የምትለዋ መስመር ከፋይል ወደ ፋይል ስትገለበጥ ኖራለች። ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ ሾፌሩ ወረቀቱን ቡናማ ፖስታ ውስጥ አድርጎ ከመርካቶ እስከ ቦሌ እየዞረ ያስፈርማል። አንድ ቀን አብሬው ሄጄ ነበር። አንድ የቦርድ አባል ከመሥሪያ ቤታቸው ደጅ ላይ መኪናቸውን ሳያጠፉ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ፤ ወረቀቱን መሪው ላይ አስደግፈው «የቱ ጋ ነው?» አሉና ፈረሙ። የመጀመሪያውን ገጽ አልገለጡትም። የፈረሙበት ሰነድ ስድሳ ምናምን ልጆች የሚበሉበትን፣ የሚታከሙበትንና የሚማሩበትን የዓመት በጀት የያዘ ነበር። የትራንስፖርት አበሉን ግን ቆጥረው ነው የተቀበሉት።

በአካል ሲመጡስ? ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። ፀጉር ይሠራል፣ ቫዝሊን ይቀባል፣ ከሣጥን የወጣው ዩኒፎርም ይለበሳል። «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይዘመራል፤ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ በሩ ተዘግቶ፣ የታሸገ ውኃና ብስኩት ቀርቦ፣ ስብሰባው ይጀመራል። ከነዚህ ስብሰባዎች አንዱን አልረሳውም። ስለ ሚኒባሱ ጎማ ረዥም ክርክር ተደረገ፤ የትኛው ማርክ ይሻላል፣ ከማን ሱቅ ይገዛ፣ የድሮውስ ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ። ሁሉም ተናገረ። ከዚያ «ልዩ ልዩ» ሥር አንዲት መስመር ተነበበች፤ «በሩብ ዓመቱ ማዕከሉን በራሳቸው ፈቃድ የለቀቁ 3 ልጆች።» ማንም ቀና አላለም። ከሦስቱ አንዱ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከመኝታው ተነሥቶ አጥር ዘሎ ሲሄድ «በራሱ ፈቃድ» ይባላል?

ልጁ ከመጥፋቱ በፊት በነበሩት ቀናት የዳቦ ቁራሽ ፍራሹ ሥር ሲያከማች ሞግዚቷ አይታ ነግራኝ ነበር። በማታ ተረኛው ሠራተኛ እንደሚደበደብም ነግሯታል። ሁለቱንም በማህደሩ ላይ ጽፌ ለሥራ አስኪያጁ አቅርቤያለሁ። ማህደሩ የተቀመጠው ከስብሰባው አዳራሽ ቀጥሎ ባለው ክፍል፣ ቁልፍ በሌለው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ከዚያ ሁሉ የተማረ ሰው መካከል አንዱ «ለምን ሄደ?» ቢል ኖሮ ማህደሩ ጠረጴዛው ላይ ይቀርብ ነበር። ማንም አላለም። የተለመደው ምስጋና ቀርቦ ስብሰባው ተዘጋ።

ለምን አይጠይቁም? ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፤ እነዚሁ ሰዎች ባንክ ያስተዳድራሉ፣ ሕንፃ ይገነባሉ። የመጀመሪያው ምክንያት ይሉኝታ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወይም መሥራቿ ናቸው በወዳጅነት ያስገቧቸው። የጋበዘህን ሰው ደረሰኝ አምጣ ማለት ያስነውራል። «ካልታመነ ለምን ተሾመ?» ይባላል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረትም ይታከልበታል። በልጅ ጉዳይ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ ከነቀዘም በኋላ የሚበላው ሌላውን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ይበልጣል፤ የጽሑፌም ሁሉ መነሻ እሱ ነው። እስቲ ቦርዳችሁን ከዕድራችሁ ጋር አስተያዩት። በዚህ አገር ያለ ደመወዝ መምራት አዲስ ነገር አይደለም። የዕድር ዳኛ ደመወዝ የለውም፤ ጸሐፊውም ገንዘብ ያዡም እንዲሁ። ነገር ግን ገንዘብ ያዡ ሃምሳ ብር ቢጎድልበት እሑድ ጠዋት በሰው ሁሉ ፊት ይቆማል። ድንኳን ሲተከል የቀረ ይቀጣል፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል። የብረት ድስቱ፣ ወንበሩ፣ የሻይ ብርጭቆው ተቆጥሮ ወጥቶ ተቆጥሮ ይገባል። «እኔ እኮ በነፃ ነው የማገለግለው» ብሎ ለማምለጥ የሞከረ የዕድር ዳኛ ቢኖር ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ብድግ ብለው «ታዲያ ማን ለመነህ? ለሚችለው ልቀቅለት!» ይሉታል። ጉዳዩም እዚያው ያልቃል።

የዕድር ድስት እንዲህ በጥብቅ ሲጠበቅ የማሳደጊያ ልጅ ለምን ሳይጠየቅለት ይጠፋል? የዕድር አባል ያዋጣል፣ ይመርጣል፣ ይሽራል፤ ዳኛው የሚፈራው ሰው ፊቱ ተቀምጧል። የማሳደጊያ ልጅ አያዋጣም፣ አይመርጥም፣ አይሽርም። ቦርዱ የሚፈራው ለጋሹን ነው፤ ለጋሹ ገንዘቡን ሊያቆም ይችላላ። ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ይፈራል፤ ፈቃድ ሊሰርዝ ይችላል። ልጁን የሚፈራበት ምክንያት የለውም። እናትና አባት በሌሉበት፣ ድምፅና ገንዘብ በሌለበት ቦታ ስለ ልጁ እንዲቆም ሥልጣን የተሰጠው አካል ቦርዱ ነው። ለዚህ ነው የቦርድ ዝምታ ከሌላው ሰው ዝምታ የሚከፋው። ጎረቤት ዝም ቢል ሌላ ጎረቤት አለ። ቦርድ ዝም ካለ ግን ከሥራ አስኪያጁ በላይ ለልጁ የሚናገርለት አይኖርም።

ዝምታው የወለደውን ደግሞ አይተናል። የጉዲፈቻውን ዘመን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2010 የበጀት ዓመት ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ሄደዋል። በየሠፈሩ ማሳደጊያ ተከፈተ፤ በየማሳደጊያው ቦርድ ተሰየመ። በ2003 ዓ.ም. የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን እስከ 50 ይደርስ የነበረውን የጉዳይ ብዛት ወደ 5 ዝቅ ሲያደርግ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ወላጅ ያላቸው ልጆች «ወላጅ አልባ» ተብለው መላካቸው፣ እናቶች የፈረሙትን ሳይረዱ መፈረማቸው ወጣ። አንድ የአሜሪካ የጉዲፈቻ ድርጅት ኃላፊዎች ከኢትዮጵያ በተጭበረበረ ሰነድ ልጆች በማስወሰድ ተከሰው በአገራቸው ፍርድ ቤት ጥፋተኝነታቸውን አምነዋል። በመጨረሻ በጥር 2010 ዓ.ም. ፓርላማው የውጭ ጉዲፈቻን ከለከለ። ደላላው ተወቀሰ፣ ኤጀንሲው ተወቀሰ፣ የቀበሌ ሠራተኛው ተወቀሰ። ልጆቹ ያለፉባቸውን ማሳደጊያዎች ሪፖርት ያጸድቁ የነበሩትን ቦርዶች ግን ማን ጠየቀ? ልጅ ሲገባና ሲወጣ ቁጥሩን እያዩ «በሙሉ ድምፅ» ያሉት የት ገቡ? ብዙዎቹ ዛሬም በሌላ ድርጅት ቦርድ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ የወሎው ጃሪ የሕፃናት መንደር አለ። በአንድ የአውሮፓ ድርጅት ሥር ይተዳደር በነበረው በዚያ መንደር ኃላፊ ሆኖ የሠራ እንግሊዛዊ ልጆችን በመድፈር ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2003 በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የዘጠኝ ዓመት ጽኑ እሥራት ተፈርዶበታል። ልጆቹ ወላጅ አልነበራቸውም፤ የበላይ አካል ግን ነበራቸው። ከበላይ ያለው ሁሉ ሪፖርት ሲያነብ ኖሯል፤ ሪፖርት ደግሞ የሚጽፈው ኃላፊው ነው። ኃላፊው በጻፈው ሪፖርት ኃላፊውን መቆጣጠር አይቻልም። ይህ ለማንም የሚገባ ነገር ሆኖ ሳለ ቦርዶቻችን ዛሬም የሚሠሩት እንዲሁ ነው።

«እንዲህ ካስጨነቃችሁን በጎ ፈቃደኛ ከየት ታመጣላችሁ?» የሚለውን ሙግት አውቀዋለሁ። ቀላል ሙግት አይደለም፤ ለንደን ላይ በከፍተኛ ፍርድ ቤት ተሟግቶ የረታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው ኪድስ ካምፓኒ ችግረኛ ልጆችን በመርዳት ስሙ የገነነ፣ መሥራቿን ጠቅላይ ሚኒስትሮች የሚያሞግሷት ድርጅት ነበር። ቢያንስ 46 ሚሊዮን ፓውንድ የሕዝብ ገንዘብ ወስዷል። የቢቢሲ ትልቅ ሰው የነበሩት አለን የንቶብ ከአሥር ዓመት በላይ ቦርዱን በሰብሳቢነት መርተዋል። ኦዲተሮች መጠባበቂያ ገንዘብ እንዲያዝ ደጋግመው አሳሰቡ፤ አልተያዘም። በነሐሴ 2015 እ.ኤ.አ. መንግሥት 3 ሚሊዮን ፓውንድ በሰጠው በቀናት ውስጥ ድርጅቱ ተዘጋ፤ ልጆቹ በር ላይ ቀሩ። የፓርላማው ኮሚቴ በባለአደራዎቹ፣ ማለትም በቦርዱ አባላት፣ ላይ ከባድ ወቀሳ አወጣ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2021 ፍርድ ቤቱ ባለአደራዎቹ ከኩባንያ ዳይሬክተርነት እንዳይታገዱ ወሰነ፤ ችሎታ ያላቸው ሰዎች ከበጎ ፈቃድ ሥራ እንዳይሸሹ ማሰብም ተገቢ ነው ተባለ።

በፍርዱ ላይ ክርክር የለኝም። በቅን ልቦና የሠራን ሰው ንግድ እንዳያስተዳድር ማገድ ከባድ ቅጣት ነው። የእኛ ሰዎች ግን ከዚህ ፍርድ የሚወስዱት ትምህርት የተገላቢጦሽ ነው፤ «አያችሁ፣ ቦርድ አይጠየቅም» ይላሉ። ፍርድ ቤት አልቀጣህም ማለት ሥራህን ሠርተሃል ማለት አይደለም። የእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ኮሚሽንም በሚቀጥለው ዓመት ባወጣው ሪፖርት በአስተዳደሩ ላይ ጉድለት መኖሩን ጽፏል። ልብ በሉ፤ እዚያ የቦርዱ ቃለ ጉባኤ በፓርላማና በፍርድ ቤት ተመርምሮ ነው እዚህ የተደረሰው። የእኛዎቹን ቃለ ጉባኤዎች ማን መርምሮ ያውቃል? ብንመረምርስ «በሙሉ ድምፅ» ከሚለው ሌላ ምን እናገኛለን?

በጎ ፈቃደኛ ይጠፋል ለሚሉም መልስ አለኝ፤ ይጥፋ። የማይመጣ፣ የማያነብ፣ የማይጠይቅ ሰው ቢጠፋ የሚጎድል ነገር የለም። እንዲያውም የእሱ መኖር ነው ጉዳቱ። ለጋሹ ደብዳቤው ላይ የዶክተር እገሌንና የኢንጂነር እገሌን ስም ሲያይ «የሚቆጣጠር አለ» ብሎ ይተኛል። ወረዳው እንደዚሁ። ስማችሁ የሚያገለግለው ሌላው እንዳይጠይቅ ለመሸፈን ከሆነ ወንበሩ ባዶ ቢሆን ይሻላል። ባዶ ወንበር ቢያንስ ይታያል።

መሥራቾችን በተመለከተም አንድ ነገር መባል አለበት። ይህች አገር አበበች ጎበናን ያህል ሰው አፍርታለች። እ.ኤ.አ. በ1980 ለግሸን ማርያም ሄደው ረኀብ ካደቀቀው ሕዝብ መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው የተመለሱ፣ ለልጆቹ ብለው ትዳራቸውንና የሞቀ ቤታቸውን የተዉ እናት ነበሩ። እንደ እሳቸው ያለ ሰው ቦርድ ሳይጠብቅ ይነሣል፤ ደግሞም መነሣት አለበት። ችግሩ የሚመጣው የእሳቸውን መሥዋዕትነት ያልከፈለ ሰው የእሳቸውን ዓይነት አመኔታ ሲጠይቅ ነው። «እማዬ»፣ «አባታችን» የሚል ስም ተለጥፎበት ከማንኛውም ጥያቄ በላይ የሚሆን መሥራች በዝቷል። ቦርዱም የእሱ የሰርግ ሚዜ፣ የነፍስ አባቱ፣ የአክስቱ ልጅ ነው። መሥራቹን የሚወድ ቦርድ መሥራቹን ይጠይቅ፤ ሳይጠየቅ የሚኖር ሰው እስከ መጨረሻው ደግ ሆኖ መቆየቱን በምን ያውቃል?

በውጭ የምትኖሩ ወገኖቼም አትሳቁ፤ ተራችሁ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢው ቤት አፍርታችሁ፣ እዚያ ድርጅት አስመዝግባችሁ፣ እዚህ ማሳደጊያ የምትደግፉ ብዙ ናችሁ። ገንዘባችሁ ባይኖር የስንቱ ልጅ ትምህርት ይቋረጥ እንደነበር አውቃለሁ። ነገር ግን ቦርዳችሁ የሚሰበሰበው እሑድ ማታ በዙም ነው፤ ግማሹ እየነዳ፣ ግማሹ ካሜራውን አጥፍቶ። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት በየዓመቱ በሚያስሞላችሁ ፎርም 990 ላይ ከቦርድ አባላት ስንቱ ገለልተኛ እንደሆነ፣ በኃላፊዎቹ መካከል የሥጋ ዝምድና ወይም የንግድ ግንኙነት ይኖር እንደሆነ ይጠይቃችኋል። እዚያ በሐቅ የምትሞሉትን ጥያቄ እዚህ ለምን አትጠይቁም? ክረምት ላይ መጥታችሁ ልጆቹን አቅፋችሁ ፎቶ ተነሥታችሁ ስትሄዱ ልጁ ማን እንደነበራችሁ አያውቅም። ፎቶውን ግን ፌስቡክ ላይ መላው ዓለም አይቶታል። ልጁን ፈቅዶ እንደሆነ የጠየቀው አለ?

እንግዲህ የቦርድ አባል ሆናችሁ ለመቀጠል የምትፈልጉ ካላችሁ ሥራው ይሄ ነው።

ስለ እያንዳንዱ ልጅ «ለምን እዚህ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 25 ከቤተሰቡ ውጭ የተቀመጠ ልጅ ሁኔታ በየጊዜው እንዲገመገም ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአገራችን የአማራጭ ክብካቤ መመሪያም ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎታል። ምክንያቱ የስሜት ጉዳይ አይደለም። ቡካሬስት ውስጥ ተመራማሪዎች 136 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ፣ ግማሹን እንደተለመደው በማሳደጊያ አቆይተው ለዓመታት ተከታትለዋል። ቤተሰብ ውስጥ የገቡት፣ በተለይም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት፣ በአእምሮ ዕድገትና ሰውን በመቅረብ በማሳደጊያ ከቀሩት የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። አክስት ያለችውን፣ አያት ያለችውን ልጅ የአልጋ ቁጥር እንዳይጎድል ብሎ የሚያቆይ ማሳደጊያ ካላችሁ ልጁን እየጎዳችሁት ነው። ለልጁ የሚወጣው ወጪ ለአያቱ ቢሰጥ ስንት ወር እንደሚያኖራቸው ሒሳቡን ሥሩት።

የሄዱት የት እንደሄዱ ጠይቁ። «በራሳቸው ፈቃድ የለቀቁ» የሚል መስመር ስታዩ ስብሰባውን አቁሙና ማህደር አስመጡ። ጎማው ይቆይ።

ልጅ በደል ሲደርስበት ለማን እንደሚናገር ጠይቁ። መልሱ «ለሥራ አስኪያጁ» ከሆነ መንገድ የለውም ማለት ነው። ከቦርዱ አንድ ሰው ተመርጦ፣ ስልኩ በልጆቹ መኝታ ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሳይነገር፣ ቅዳሜ ማታ፣ ያለ መዝሙርና ያለ ፎቶ፣ ሂዱ። ወጥ ቤቱን እዩት፣ ሽንት ቤቱን እዩት፣ ከሞግዚቶቹ ጋር ቁጭ በሉ። ቦርዱ ስለ ማሳደጊያው ከማንም በላይ መስማት ያለበት ከዝቅተኛዋ ደመወዝተኛ ነው፤ ሌሊት ከልጆቹ ጋር የምታድረው እሷ ናት።

ኦዲተሩን ሥራ አስኪያጁ በሌለበት ክፍል አነጋግሩት። ጉድለቱን የጻፈበትን ማኔጅመንት ሌተር በእጃችሁ ተቀበሉ፤ «ለማስተካከል በሂደት ላይ ነው» የሚለውን መልስ በየዓመቱ አትቀበሉ። ቃለ ጉባኤ ላይ የተቃወመ ሰው ስም እንዲጻፍ አድርጉ። ዓመቱን ሙሉ አንድ የልዩነት ድምፅ የሌለበት ቦርድ ተስማምቶ አይደለም፤ አላነበበም።

የምትለቁበትንም ቀን ደንቡ ላይ ጻፉ። ሃያ ዓመት አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰብሳቢ ከሥራ አስኪያጁ ጋር አርጅቷል፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ማየት አቁሟል። ከማሳደጊያ ወጥተው ሥራ የያዙ፣ ትዳር የመሠረቱ ወጣቶች በከተማው ሞልተዋል። የቦታውን ሌሊት ያውቁታል። ቢያንስ አንድ ሁለቱን ቦርድ ውስጥ አስገቡ። «ልምድ የላቸውም» እንዳትሉኝ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ከእናንተ የበለጠ ልምድ ያላቸው እነሱ ናቸው።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ወዳጅነትም ያበላሻል። የሥራ አስኪያጁን ፊት ያጠቁራል። ለዚህ ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ነውር አልሠራም፤ ጊዜ የሌለው ሰው ብዙ ነው። ነውሩ ጊዜ ሳይኖር ወንበሩን ይዞ መቀመጡ ነው። የመልቀቂያ ደብዳቤ ሦስት መስመር ናት፤ ማኅተምም አያስፈልጋትም። ጥያቄ የማትጠይቁ ከሆነ ዛሬውኑ ጽፋችሁ አስገቡ፤ የትራንስፖርት አበሉ ለልጆቹ ወተት ይሁን።